ከማዕከል ሥልጣን ለሚጠይቅ ምክር ቤት፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሻላል?

ከማዕከላዊ መንግሥት ሥልጣን ለመረከብ የተነሣ ምክር ቤት ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ዝርዝር በመጻፍ ነው። ትራንስፖርት፣ ቤቶች፣ የሙያ ሥልጠና፣ ጤና፣ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ይደረደራሉ፤ ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር ጥያቄው የበረታ ይመስላል። የእኔ አቋም ግን ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይምጣ የሚል ነው። አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው። ሥልጣኑ የሚተላለፈው በምን ዓይነት ሰነድ ነው? ሥራው የሚሠራበት ገንዘብ ከየት ይመጣል? የሰጠው አካል ነገ መልሼ ልውሰድ ቢል የሚያግደው ምንድን ነው? በእነዚህ ሦስቱ ላይ ሳይዘጋጅ ድርድር የገባ ምክር ቤት የሚያገኘው ሥልጣን ሳይሆን ኃላፊነት ብቻ ነው፤ ነዋሪው ቅሬታውን የሚያቀርብለት ሰው ይቀየራል፣ ቅሬታው ግን አይፈታም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ምርጫው ለተደቀነባቸው የምክር ቤት አባላትና ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ጥያቄው በስማቸው ለሚቀርብላቸው ነዋሪዎች ነው። ምሳሌዎቹ ከተለያዩ አገሮች የተወሰዱ ሲሆን ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውክልና፣ ስምምነት፣ አዋጅ ወይስ ሕገ መንግሥት?

ሥልጣን ከማዕከል ወደ አካባቢ የሚወርድባቸው መንገዶች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በጥንካሬ ግን በጣም ይራራቃሉ።

ዝቅተኛው ውክልና ነው። ማዕከሉ ሥራውን ለአካባቢው ይሰጣል፣ ውሳኔውን ግን ለራሱ ያስቀራል። ጃፓን ይህን አሠራር ለረጅም ዘመን ኖራበታለች። እስከ 2000 ድረስ በሕዝብ የተመረጡ ገዥዎችና ከንቲባዎች ብዙውን ሥራቸውን ሲያከናውኑ በሕግ ፊት የሚቆጠሩት እንደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ሹማምንት ነበር። የራሳቸው ምክር ቤት እንኳ በዚያ ሥራ ላይ የመወሰን መብት አልነበረውም። ሕዝቡ ከንቲባውን ይመርጣል፤ ከንቲባው ግን የሚታዘዘው ለሚኒስትሩ ነው። አሠራሩ በ1999 በወጣ ሕግ ከኤፕሪል 2000 ጀምሮ ቀረ። እንግዲህ ማዕከሉ የሚያቀርበው ሰነድ በየአንቀጹ «በሚኒስቴሩ መመሪያ መሠረት» የሚል ከሆነ፣ የቀረበው ውክልና መሆኑን ምክር ቤቱ ለራሱም ለነዋሪውም በግልጽ ይናገር። ውክልና ሁልጊዜ መጥፎ ነው አልልም። ልምድ የሌለው አስተዳደር ጥቂት ዓመታት ሥራውን ሊለምድበት ይችላል። ወጪው ሙሉ በሙሉ በማዕከሉ ከተሸፈነና ማብቂያ ቀን ከተቆረጠለት መቀበሉ ነውር የለውም።

ቀጥሎ በድርድር የሚገኝ ስምምነት አለ። እንግሊዝ ከ2014 ወዲህ የሄደችበት መንገድ ይህ ነው። እያንዳንዱ አካባቢ ከመንግሥት ጋር ለየብቻው ይደራደራል፣ የተስማማበትን ይፈርማል፣ ከዚያም ሚኒስትሮች ደንብ አዘጋጅተው በፓርላማ ያጸድቁታል። ጥቅሙ ሥልጣኑ ለአካባቢው ችግር ተለክቶ መሰጠቱ ነው። ችግሩ ደግሞ ስምምነቱ የሁለት እኩል ወገኖች ውል አለመሆኑ ነው። አንደኛው ወገን ሕግ አውጪውንና ግምጃ ቤቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ሌላኛው የያዘው ጥያቄ ብቻ ነው። የድርድሩ ደንብም መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። በ2022 የወጣው የእንግሊዝ መንግሥት ሰነድ ሥልጣኑን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ላይኛውን በቀጥታ የተመረጠ መሪ ላላቸው አካባቢዎች ብቻ አደረገው፤ በዲሴምበር 2024 ደግሞ አዲሱ መንግሥት ደረጃዎቹን እንደገና ሠራቸው። ያኔ በድርድር መሃል የነበረ ምክር ቤት የድካሙን ግማሽ ከሥር እንዲጀምር ይገደዳል።

ሦስተኛው ለሁሉም አካባቢ በአንድ ጊዜ የሚሠራ አዋጅ ነው። ኢንዶኔዥያ በ1999 ባወጣቻቸው ሁለት ሕጎች አብዛኛውን የመንግሥት አገልግሎት በጃንዋሪ 2001 ወደ ወረዳዎችና ከተሞች አወረደች፤ ሁለት ሚሊዮን ገደማ የመንግሥት ሠራተኞች ከማዕከሉ ወደ አካባቢዎቹ መዝገብ ተዛወሩ። እዚህ ማንም ለብቻው ሄዶ ደጅ መጥናት አላስፈለገውም። ለትንንሽና ለሩቅ አካባቢዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በድርድር መንገድ ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ ተራቸው እስኪደርስ ዓመታት ይጠብቁ ነበር። ጉዳቱ ደግሞ የተዘጋጀውም ያልተዘጋጀውም በአንድ ቀን ያንኑ ሸክም መረከቡ ነው። በተጨማሪም አዋጅ የሰጠውን አዋጅ ይወስዳል፤ በ2014 የወጣው ሌላ ሕግ የደን፣ የማዕድንና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሥልጣንን ከወረዳዎቹ አንሥቶ ለክፍለ ሀገራቱ ሰጠ።

አራተኛው ሕገ መንግሥት ነው። ኬንያ በ2010 ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት 47 ካውንቲዎችን (የአካባቢ መንግሥታትን) አቋቁሞ የማዕከሉንና የካውንቲዎቹን ሥራ በአራተኛው ሠንጠረዥ ለይቶ አስፍሯል፤ ለካውንቲዎቹ የሚደርሰው ገንዘብም ዝቅተኛ ወለል እንዲኖረው አድርጓል። ከዚህ የሚጠነክር ዋስትና የለም። ነገር ግን አንድ ምክር ቤት ብቻውን ሊያገኘው አይችልም፤ አገሪቱ በሙሉ ሕገ መንግሥቷን የምታሻሽልበት ጊዜ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ጊዜ ከመጣ ሌላውን ድርድር ሁሉ አዘግይቶ ኃይልን እዚያ ላይ ማዋል ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በእነዚህ መካከል ብዙም የማይወራለት ነገር ግን ለድርድር አቅም ለሌለው አካባቢ ጥሩ የሆነ መንገድ አለ፤ ሥልጣን በታወቀ መስፈርት በደረጃ የሚሰጥበት ሥርዓት። በጃፓን ሕግ የሕዝብ ቁጥሩ 500 ሺህ የደረሰ ከተማ በካቢኔ ደንብ ልዩ ደረጃ ሊሰጠውና ከክፍለ ሀገሩ ብዙ ሥራ ሊረከብ ይችላል፤ 200 ሺህ ለደረሱት ደግሞ ከዚያ ዝቅ ያለ ደረጃ አለ። መስፈርቱ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ከሚኒስትሩ ጋር ያለ ወዳጅነት የሚኖረው ክብደት ይቀንሳል።

ከሰነዱ ዓይነት ባልተናነሰ አጻጻፉ ያስጨንቃል። የተሰጠው ሥልጣን ተዘርዝሮ የቀረው ሁሉ የማዕከሉ ይሁን? ወይስ ማዕከሉ ያስቀረው ተዘርዝሮ የቀረው ሁሉ የአካባቢው ይሁን? ስኮትላንድ በ1998 ሕግ ሁለተኛውን አገኘች፤ ዌልስ በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን። ዌልስ ከዚያ በኋላ ሕግ ስታወጣ ጉዳዩ በተሰጣት ዝርዝር ውስጥ ይገባል አይገባም የሚል ክርክር በተደጋጋሚ ይነሣ ነበር። በ2014 የግብርና ሠራተኞችን ደመወዝ የሚመለከት ሕጓ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ተከራክራ ረትታለች። በ2017 ሕግ እርሷም ወደ ስኮትላንድ ዓይነት አጻጻፍ ተሸጋገረች። አንድ የአካባቢ ምክር ቤት እንደ ስኮትላንድ ይጻፍልኝ ማለት አይችል ይሆናል። ቢያንስ ግን በእያንዳንዱ የተሰጠ ሥራ ሥር «እና ከዚህ ጋር ተያያዥ የሆኑ ጉዳዮች» የሚል ሐረግ እንዲገባ መታገል ይችላል።

ብቻ መሄድ ወይስ ከጎረቤት ጋር?

እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ አልቆይም፤ ታሪኩ ራሱ ይናገራል። በታላቋ ማንቸስተር አሥር ምክር ቤቶች በ2011 የጋራ አስተዳደር አቋቁመው ነበርና በ2014 ድርድሩ ሲመጣ በአንድ ድምፅ ቀረቡ። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ሰባት ምክር ቤቶች ተመሳሳይ ስምምነት በእጃቸው ገብቶ ነበር፤ በ2016 ከመካከላቸው አራቱ አንቀበልም ሲሉ መንግሥት ስምምነቱን አነሣ። ከታይን ወንዝ በስተሰሜን ያሉት ሦስቱ ለብቻቸው ሄደው በ2019 ከንቲባ መረጡ። ሰባቱም እንደገና አንድ ላይ የሆኑት በ2024 ነው። ሠራተኛው ጠዋት ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሥራ ሲሄድ በሁለቱ ዳርቻዎች የተለያየ የትራንስፖርት ሥልጣን መኖሩ ለማንም አልጠቀመም።

ስለዚህ ሥልጣኑ እንደ አውቶቡስ፣ እንደ ሥራ ገበያና እንደ ውኃ ድንበር የሚሻገር ከሆነ ከጎረቤት ጋር መሄድ ይሻላል። የመናፈሻ፣ የአካባቢ መንገድና የቤተ መጻሕፍት ሥራ ከሆነ ግን ጎረቤት መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ሙሉ በሙሉ መዋሐድም ሌላ ምርጫ ነው፤ ዴንማርክ በ2007 ከ271 ማዘጋጃ ቤቶች ወደ 98 ወርዳ ለእነርሱ ተጨማሪ ሥራ ሰጥታቸዋለች። ውሕደት አቅም ይጨምራል፤ ነዋሪውን ከተመራጩ ያርቃል። ውሕደት የሥልጣን ቅድመ ሁኔታ ሆኖ ሲቀርብ በመጀመሪያ የጋራ አስተዳደርን እንደ አማራጭ ማቅረብ ይገባል፤ አስፈላጊ ከሆነ በኋላ መዋሐድ ይቻላል፣ የተዋሐደን መለየት ግን እጅግ ከባድ ነው።

ከንቲባው

ማዕከሉ ብዙ ጊዜ ትልቁን ሥልጣን የሚሰጠው በቀጥታ የተመረጠ ከንቲባ ለሚቀበል አካባቢ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ተጠያቂ የሚሆን አንድ ሰው ይፈለጋል። ለሕዝብም ቢሆን ፊቱ የሚታወቅ፣ በሚኒስትሮች ፊት ደፍሮ የሚናገር መሪ መኖሩ ይጠቅማል። በ2017 የታላቋ ማንቸስተር የመጀመሪያ ከንቲባ ሆነው የተመረጡት አንዲ በርንሃም ይህን በተግባር አሳይተዋል።

ነገር ግን የኮርንዎልን ታሪክ ያላነበበ ምክር ቤት በዚህ ላይ አይወስን። ኮርንዎል በጁላይ 2015 ከንቲባ ሳይኖራት የሥልጣን ስምምነት የፈረመች የመጀመሪያዋ የእንግሊዝ ገጠራማ አካባቢ ነች። በዲሴምበር 2022 ከፍ ያለ ስምምነት ቀረበላት፤ በ30 ዓመት የሚከፈል 360 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ቅድመ ሁኔታው ደግሞ በቀጥታ የሚመረጥ ከንቲባ። በሕዝብ ምክክሩ ላይ መልስ የሰጡት በብዛት ከንቲባውን ተቃወሙ፤ ምክር ቤቱም በ2023 ሐሳቡን ትቶ ያለ ከንቲባና ያለዚያ ገንዘብ ዝቅተኛውን ደረጃ ተቀበለ። አጥፍተዋል ወይስ ደግ አደረጉ? 360 ሚሊዮኑ ለ30 ዓመት ሲካፈል በዓመት 12 ሚሊዮን ነው፤ በየዓመቱ ያው 12 ሚሊዮን፣ የዋጋ ንረት እየበላው። ግማሽ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ላለው አካባቢ ይህ የአስተዳደር ቅርጽን ለዘለቄታው የሚያስለውጥ ገንዘብ አይመስለኝም። ለረጅም ዘመን የሚሰጥ ቃል ሲቀርብ ጠቅላላ ድምሩን ትቶ የአንዱን ዓመት ድርሻ ማየት፣ ከዚያም የዋጋ ንረት ማስተካከያ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ሌላው ምሳሌ ብሪስቶል ነው። በሜይ 2012 ከተመረጠ ከንቲባ ጋር ለመተዳደር አዲስ ሕዝበ ውሳኔ ካደረጉት አሥር የእንግሊዝ ከተሞች አዎ ያለው ብሪስቶል ብቻ ነበር። በ2022 ሌላ ሕዝበ ውሳኔ አድርጎ የከንቲባነቱን ሥርዓት ሻረ፤ ከ2024 ጀምሮ በምክር ቤት ኮሚቴዎች ይመራል። ለእኔ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ከንቲባን ለገንዘብ ብቻ ብሎ የተቀበለ ሕዝብ ገንዘቡ ሲደርቅ ከንቲባውን ይጠላዋል። ነዋሪው በራሱ ምክንያት የሚፈልገው ከሆነ መቀበል፣ ካልሆነ አነስተኛውን ስምምነት ወስዶ መሥራት ይሻላል።

ገንዘቡ

የዚህ መመሪያ ልብ እዚህ ነው። አንድ ምክር ቤት የሚያገኘው ገንዘብ በአራት መልክ ሊመጣ ይችላል፤ እያንዳንዱም የተለየ ነፃነትና የተለየ አደጋ አለው።

ለተወሰነ ዓላማ የሚሰጥ ድጎማ ከሁሉ ደካማው ነው። ገንዘቡ ሲመጣ የሚሠራውም ነገር ተወስኖ ይመጣል። እንዲያውም ምክር ቤቶች ለየትንሽ ፈንዱ ማመልከቻ እየጻፉ እርስ በርሳቸው እንዲወዳደሩ ሲደረግ የባለሙያው ጉልበት በማመልከቻ ላይ ያልቃል። በእንግሊዝ ይህ ለዓመታት የቆየ ቅሬታ ነበር፤ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ታላቋ ማንቸስተርና ዌስት ሚድላንድስ ከብዙ ትንንሽ ፈንዶች ይልቅ አንድ የተጠቃለለ በጀት እንዲያገኙ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቅል ድጎማ የተሻለ ነው፤ ምክር ቤቱ ገንዘቡን በራሱ ቅደም ተከተል ያከፋፍላል። ሁሉ ነገር የሚወሰነው ግን በቀመሩና በአከፋፈል ቀኑ ላይ ነው። በኬንያ ሕገ መንግሥቱ ለካውንቲዎች የሚደርሰው ከአገሪቱ ገቢ ከ15 በመቶ እንዳያንስ ያዛል። ይሁን እንጂ መቶኛው የሚሰላው ኦዲት ተደርጎ በብሔራዊው ምክር ቤት በጸደቀ የመጨረሻ ሒሳብ ላይ ነው፤ ማጽደቁ በዘገየ ቁጥር ስሌቱ ገቢው አነስተኛ በነበረበት በቆየ ዓመት ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ገንዘቡ ከግምጃ ቤቱ ዘግይቶ እየወጣ የካውንቲ ሠራተኞች ደመወዝ በተደጋጋሚ ሲዘገይ ቆይቷል። በፊሊፒንስ ደግሞ በ1991 ሕግ ለአካባቢ መንግሥታት 40 በመቶ ድርሻ ተሰጥቶ ነበር። ድርሻው ይሰላ የነበረው ከአገር ውስጥ ገቢ ብቻ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ጉምሩክን ጨምሮ ከሁሉም የማዕከላዊ መንግሥት ግብሮች ሊሰላ ይገባል ብሎ ወሰነ፤ ውሳኔው በሥራ ላይ የዋለው በ2022 ነው። ከ1991 እስከ 2022 ያለውን ርቀት አስቡት። መቶኛውን ከማስከበር በፊት መቶኛው ከምን ላይ እንደሚሰላ ማስጻፍ ያስፈልጋል።

ካሳ ሦስተኛው መልክ ነው። ማዕከሉ ሥራውን ሲያስተላልፍ «እስከ ዛሬ የማወጣውን ያህል እሰጣችኋለሁ» ይላል። ፍትሐዊ ይመስላል። ፈረንሳይ ይህን መርሕ በ2003 በሕገ መንግሥቷ ሳይቀር አስፍራለች፤ የሚተላለፍ ሥልጣን ሁሉ ቀድሞ ይወጣበት ከነበረው ጋር እኩል የሆነ ገንዘብ ይዞ እንዲሄድ። በ2004 ለድሆች የሚከፈለው ዝቅተኛ ገቢ ድጋፍ ደፓርትማ ወደሚባሉት የአካባቢ አስተዳደሮች ሲተላለፍ ካሳው የተሰላው ከዝውውሩ በፊት በነበረው ወጪ ነው። ከዚያ ወዲያ የተረጂው ቁጥር ሲጨምር የተጨመረው ሸክም በአብዛኛው በደፓርትማዎቹ ላይ ወደቀ፤ የድጋፉን መጠን የሚወስነው ግን ፓሪስ ነው። እኔ ምክር ቤት ብሆን ወጪው በራሱ የሚያድግ አገልግሎትን፣ ማለትም ጤናን፣ የአረጋውያን እንክብካቤንና የድሆች ድጋፍን፣ በቆመ ካሳ አልረከብም። ካሳው በተጠቃሚ ቁጥር እንዲሰላ ወይም በየሦስት ዓመቱ እንዲከለስ ካልተጻፈ ሥራው እዚያው ማዕከሉ ጋር ይቆይ።

የመጨረሻው የራስ ግብር ነው። ከሁሉ ሩቅ የሄዱት በሰሜን ስፔን ያሉት ባስኮች ናቸው። በ1981 በታደሰው የኢኮኖሚ ስምምነት የባስክ ግዛቶች ግብሩን ከሞላ ጎደል ሁሉ ራሳቸው ይሰበስባሉ፤ ማዕከሉ ስለሚሰጠው የጋራ አገልግሎት ደግሞ የተስማሙበትን ድርሻ ለማድሪድ ይከፍላሉ። የሚያስቀና ይመስላል፤ ነገር ግን ገቢው ቢወድቅ የሚወድቀው በእነርሱ ላይ ነው። ኢንዱስትሪ ላለው አካባቢ የሚያዋጣ መንገድ ለድሃ አካባቢ ጥፋት ሊሆን ይችላል። የራስ ግብርም ቢሆን በማዕከሉ ውሳኔ ሊነጠቅ ይችላል። ፈረንሳይ ሰዎች በሚኖሩበት ዋና ቤት ላይ ማዘጋጃ ቤቶች ይሰበስቡት የነበረውን ግብር ደረጃ በደረጃ አንሥታ በ2023 ሙሉ በሙሉ አስቀርታለች። ገንዘቡ በሌላ መንገድ ተተክቷል፤ ከንቲባው ግን የግብሩን መጠን ከነዋሪው ጋር ተማክሮ የመወሰን መብቱን አጥቷል።

ፊንላንድ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዳለች። በ2023 የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ከማዘጋጃ ቤቶች ተወስዶ ለ21 አዳዲስ ካውንቲዎች ተሰጠ፤ ሄልሲንኪ ብቻ ሥራውን ለራሷ አስቀርታለች። የማዘጋጃ ቤቶች የገቢ ግብርም በ12.64 የመቶኛ ነጥብ ተቀነሰ። አዲሶቹ ካውንቲዎች በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት አላቸው፤ ግብር የመጣል መብት ግን የላቸውም። ተመራጮቹ ሆስፒታል ስለመዝጋትና ስላለመዝጋት ይከራከራሉ፣ በጀቱን የሚወስነው ግን ማዕከሉ ነው። ይህን ቅርጽ ማዕከሎች በየአገሩ ይወዱታል፤ ምርጫና ተጠያቂነት ከታች፣ ግምጃ ቤት ከላይ። አንድ ምክር ቤት ይህ ሲቀርብለት ትንሽም ቢሆን የራሱ የሆነ የግብር ምንጭ እንዲጨመርለት አጥብቆ ይጠይቅ።

የትኛው ሥራ ይቅደም?

የማንቸስተር አውቶቡሶች ታሪክ እዚህ ላይ ከምንም በላይ ያስተምራል። ከለንደን ውጭ ባለው እንግሊዝ ከ1986 ጀምሮ የአውቶቡስ ኩባንያዎች መሥመራቸውንና ዋጋቸውን ራሳቸው ይወስኑ ነበር። በ2014ቱ ስምምነት አካባቢው መሥመሮቹን መልሶ የመቆጣጠር ሥልጣን ቃል ተገባለት። ሕጉ የወጣው በ2017፣ ውሳኔው የተላለፈው በ2021፣ በአካባቢው አስተዳደር ቁጥጥር ሥር የዋሉት የመጀመሪያዎቹ ቢጫ አውቶቡሶች የወጡት በሴፕቴምበር 2023፣ ሥራው የተጠናቀቀው በጃንዋሪ 2025 ነው። ከፊርማ እስከ ፍጻሜ አሥር ዓመት። በዚያው ዘመን በ2015 የተፈረመው 6 ቢሊዮን ፓውንድ የሚያህል የጤና በጀት ጉዳይ ከአውቶቡሱ ይልቅ ብዙ ተወርቶለት ነበር፤ ሕጋዊ ኃላፊነቱ ግን ከብሔራዊው የጤና አገልግሎት አልወጣም። ተሳፋሪው በየቀኑ የሚያየው ለውጥ የመጣው ከአውቶቡሱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ሦስት ነገሮችን የሚያሟላ ይሁን። ነዋሪው በዓይኑ የሚያየው ውጤት ይኑረው፤ ወጪው በድንገት የማያብጥ ይሁን፤ ተያያዥ ሥልጣኖቹ አብረው ይምጡ። መንገድን ያለ ትራፊክ ቁጥጥር፣ ቤት መሥራትን ያለ መሬት ዕቅድ፣ የሙያ ሥልጠናን ያለ ሥራ ፈላጊዎች መዝገብ መረከብ በግማሽ እጅ መሥራት ነው። ጤና በመጀመሪያው ዙር ባይገባ እመርጣለሁ። ኬንያ ለሽግግሩ ሦስት ዓመት አስባ ነበር፤ ካውንቲዎቹ በ2013 በተቋቋሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ጤና ተላለፈላቸው። የደመወዝና የዕድገት መዝገቦች ገና ሳይስተካከሉ የሠራተኞች አድማ ለዓመታት ተከታተለ።

መልሶ መውሰድ

ታላቋ ማንቸስተር ከ1974 ጀምሮ የራሷ የካውንቲ ምክር ቤት ነበራት። ለንደንም ከ1965 ጀምሮ ታላቅ ምክር ቤት ነበራት። ሁለቱም ከሌሎች አምስት የከተማ ካውንቲ ምክር ቤቶች ጋር በማርጋሬት ታቸር መንግሥት ሕግ በ1986 ፈረሱ። ለንደን ምክር ቤቷን የሚተካ የተመረጠ አስተዳደር ያገኘችው በ2000፣ ማንቸስተር የጋራ አስተዳደሯን ያቋቋመችው በ2011 ነው። ፓርላማው የሁሉ የበላይ በሆነበት አገር እንዲህ ያለውን የሚያግድ አንቀጽ ማስጻፍ አይቻልም። ዋጋውን ማስወደድ ግን ይቻላል። ከመሻር በፊት የሕዝብ ምክክር ግዴታ ይሁን፤ የተላለፈ ሥራ ያለ ምክር ቤቱ ስምምነት ቢነሣ የገባበት ብድርና ውል በማዕከሉ ይሸፈን፤ ማስጠንቀቂያው ከአንድ የበጀት ዓመት አይነስ። ሕገ መንግሥታዊ ዋስትናም ቢሆን የአደጋ ጊዜ በር አለው፤ ስፔን በኦክቶበር 2017 የካታሎኒያን መንግሥት ከሥልጣን ያነሣችው በዚያው ሥልጣን በሰጠው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 155 ነው።

ሥልጣን ከውስጥም ሊወጣ ይችላል። በፌብሩዋሪ 2020 የናይሮቢ ካውንቲ ገዥ ጤናን፣ ትራንስፖርትን፣ የሕዝብ ሥራዎችንና ፕላንን በአንድ ስምምነት ለማዕከላዊው መንግሥት አስረከቡ፤ ሥራዎቹ ወደ ካውንቲው የተመለሱት በ2022 ነው። የምክር ቤቱ የራሱ ደንብ ሥልጣን ወደ ላይ የሚመለሰው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ብቻ ነው ብሎ አስቀድሞ ይወስን። ይህን ማዕከሉ ሳይጠየቅ ማድረግ ይቻላል።

ማን የቱን ይምረጥ?

ኢኮኖሚው የጠነከረና ከጎረቤቶቹ ጋር መሥራት የለመደ ትልቅ ከተማ ወደ ድርድር ይሂድ። ዓላማውም የተጠቃለለ የብዙ ዓመት በጀት ይሁን፤ በተናጠል የሚሰጡ ፈንዶች ዝርዝር አያማልለው። አነስተኛ የግብር መሠረት ያለው ገጠራማ ምክር ቤት ግን ለብቻው ከሚደራደር ይልቅ ከመሰሎቹ ጋር ሆኖ ለሁሉም የሚሠራ አዋጅና ለድህነትና ለርቀት ክብደት የሚሰጥ የድጎማ ቀመር ቢጠይቅ ይጠቀማል። ቀመሩ ላይም አንድ ጥንቃቄ አለ። በኢንዶኔዥያ እያንዳንዱ አዲስ ወረዳ የራሱን ድጎማ ስለሚያገኝ ከሥልጣን ማውረዱ ወዲህ 300 ገደማ የነበሩት ወረዳዎችና ከተሞች ተከፋፍለው ከ500 በላይ ሆነዋል። ቀመሩ መከፋፈልን የሚሸልም ከሆነ ዛሬ አብሮ የጠየቀው ጎረቤት ነገ ለብቻው መውጣትን ይመርጣል።

የተለየ ማንነት ወይም መልክዓ ምድር ያለው፣ ለምሳሌ ደሴት ወይም ጠረፍ የሆነ አካባቢ፣ ልዩ ደረጃ መጠየቁ ተገቢ ነው። ችግሩ ብቸኝነት ነው፤ ሥልጣኑ ሲነካ አብሮት የሚጮህ ሌላ የለም። ስለዚህ ከሁሉ በላይ በመሻሪያው አንቀጽ ላይ ይበርታ።

የበጀት ጉድለት ውስጥ ያለ ምክር ቤት ደግሞ ሥልጣን ከመጠየቁ በፊት ሒሳቡን ያስተካክል፤ ካልቻለም ውክልናን በሙሉ ወጪ ሽፋን ይውሰድ። የትኛውም ምክር ቤት ቢሆን ከመፈረሙ በፊት በሚረከበው ሥራ ላይ ማዕከሉ ባለፉት ዓመታት በተግባር ያወጣውን ወጪ፣ የሚዛወሩትን ሠራተኞች ቁጥር ከጡረታ ግዴታቸው ጋር፣ የሕንፃዎቹንና የመንገዶቹን የጥገና ውዝፍ፣ እንዲሁም በፍርድ ቤት ያሉ ክሶችን በጽሑፍ ይጠይቅ። መረጃው ሳይሟላ የፊርማ ቀን ከተቆረጠ ቀኑ እንዲራዘም ማስወሰን ይገባል፤ የተሸሸገ የጥገና ውዝፍ ከፊርማው ማግስት ጀምሮ የምክር ቤቱ ዕዳ ነውና።